ይህ ፋይል ዲስክሪፕተር ተርሚናል ነው? ከሆነስ የትኛው?

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል እመልሳለሁ። አንዱ «ፕሮግራሜ ስክሪን ላይ ቀለሙ ያምራል፤ ወደ ፋይል ስልከው ግን ቅንፍና 31 በሚል ዝባዝንኬ ይሞላል» ይለኛል። ሌላዋ «በእጄ ሳስነሳው ይሠራል፤ ክሮን ሲያስነሳው ጸጥ ይላል» ትላለች፤ ክሮን ፕሮግራሞችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስነሳው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ መልሱን ከሰው ሳይሆን ከፓይፑ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው ከሚያቀብለው መስመር) እያነበበ አስቸግሮታል። ሦስቱም ሰዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ቁጥር ከምን ጋር ነው የተያያዘው?

ፋይል ዲስክሪፕተር ፕሮግራሙ የከፈተው ነገር (ፋይል፣ ፓይፕ ወይም ተርሚናል) የሚጠራበት ቁጥር ብቻ ነው፤ ተርሚናል ስል ደግሞ ኮማንድ እንደምንጽፍበት መስኮት ያለውን ነው። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳችሁን አስረክባችሁ የምትቀበሏትን ቁጥር አስቡ። ቁጥሯ ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ አትነግራችሁም። የሚያውቀው የተረከበው ሰውዬ ነው። እኛ ጋ ሰውዬው ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ነው፤ ስለዚህ እሱን በትክክል መጠየቅ አለብን።

ችግሩ ሰው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ መደባለቁ ነው። ተርሚናል ነው ወይ? የትኛው ተርሚናል ነው? የእኔን ፕሮሰስ (እየሠራ ያለውን ፕሮግራም) የሚቆጣጠረው ተርሚናል ነው ወይ? እያንዳንዱ የራሱ መጠየቂያ አለው። የአንዱን መልስ ለሌላው ከተጠቀማችሁ ትሳሳታላችሁ።

መመሪያው ለሊኑክስና ለሲ ቋንቋ ነው። የፋንክሽንና የኮማንድ ስሞችን እንደምንጠራቸው ጽፌያቸዋለሁ። ኮድ ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ፣ ሳትነጣጥሉ ነው። ለምሳሌ ኢዝኤቲቲዋይ ማለት አይ፣ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ ዋይ ነው። የስህተት ስሞች፣ እንዲሁም ኤስ_ኢዝሲኤችአር፣ ኦ_ኖሲቲቲዋይ እና ኖ_ከለር ግን ሁልጊዜ በትልልቁ ይጻፋሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሊኑክስ ያለበት ማሽን። ቨርቹዋል ማሽንም ሆነ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ደብልዩኤስኤል ይበቃል።
- የሲ ኮምፓይለር፤ ጂሲሲ ወይም ክላንግ።
- ጎን ለጎን የተከፈቱ ሁለት የተርሚናል መስኮቶች።
- ኤስትሬስ የሚባለው መከታተያ። ባይኖርም ይሆናል፤ ካለ ግን ብዙ ግምት ያስቀራል።
- አምስት የሄደር ፋይሎች፦ ዩኒስትድ፣ ኤርኖ፣ ኤፍሲንትል፣ ሲስ/ስታት እና ሲስ/ሲስማክሮስ። ለደረጃ 6 ተርሚኦስን ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። የሙከራ ፕሮግራማችሁ ውጤቱን በ1 ሳይሆን በ2 ቁጥር ይጻፍ። የምትመረምሩት 1ን ነው። 1ን ወደ ፋይል ስትመልሱት መልሳችሁም አብሮ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። «ፕሮግራሙ ምንም አላወጣም» ብለው ከሚጠይቁኝ ሰዎች ግማሾቹ እዚህ ላይ የወደቁ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ኮድ ሳትጽፉ በዓይናችሁ እዩ

ይህን ጻፉ፦

ኤልኤስ -ኤል /ፕሮክ/ሴልፍ/ኤፍዲ

ዜሮ፣ አንድ እና ሁለት ወደ አንድ ቦታ ሲያመለክቱ ታያላችሁ፤ ለምሳሌ ወደ /ዴቭ/ፒቲኤስ/3። 0 መግቢያው ነው፣ 1 መውጫው፣ 2 የስህተት መውጫው። 3 ቁጥርም ታያላችሁ፤ አትደንግጡ። ኤልኤስ ራሱ ፎልደሩን ለማንበብ የከፈተው ነው። «ሴልፍ» የሚለው የሚያሳየው የሼላችሁን ሳይሆን የኤልኤስን ፕሮሰስ መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን መጨረሻው ላይ ፓይፕ ጨምራችሁ ወደ ካት (የተሰጠውን እንዳለ መልሶ ወደሚያወጣው ኮማንድ) ላኩት። 0 እና 2 እንዳሉ ናቸው። 1 ግን «ፓይፕ» የሚል ጽሑፍና በቅንፍ የተከበበ ረጅም ቁጥር ሆኗል። አንዱ ተርሚናል ሲሆን ሌላው ላይሆን እንደሚችል በዚህ ታያላችሁ። ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ «ተርሚናል ላይ ነኝ» ማለት አይቻልም።

ቲቲዋይ የሚባል ኮማንድም አለ። የተርሚናሉን ስም ያወጣል። ግን የሚያየው 0ን ብቻ ነው። ቲቲዋይን ወደ ካት ብትልኩት አሁንም /ዴቭ/ፒቲኤስ/3 ይላችኋል፤ ምክንያቱም የተቀየረው 1 ነው። መግቢያውን ከ/ዴቭ/ነል (ሁልጊዜ ባዶ ከሆነው ዕቃ) ስታደርጉት ነው ተርሚናል አይደለም ብሎ የመውጫ ኮዱን 1 አድርጎ የሚዘጋው።

ደረጃ 2፦ ኢዝኤቲቲዋይን ጠይቁ

ፋንክሽኑ አንድ ቁጥር ይቀበላል። ተርሚናል ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ይመልሳል። አለቀ።

ውስጡን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ስም አይፈልግም፤ ፋይልም አይከፍትም። ከርነሉን «የዚህን ተርሚናል ቅንብር ስጠኝ» ይለዋል። ዕቃው (ቁጥሩ የተያያዘበት ዲቫይስ) ቅንብሩን ከሰጠ ተርሚናል ነው። «ምን ቅንብር?» ካለ አይደለም። ፕሮግራማችሁን በኤስትሬስ ስታስነሱት አይኦሲቲኤል የሚል ጥሪ ታያላችሁ፤ በውስጡም ቲሲጌትኤስ ብሎ የሚጀምር ስም አለ። ጥያቄው እሱ ነው።

የትኛውን ቁጥር ልጠይቅ ለሚለው፣ የምትጽፉበትን ወይም የምታነቡበትን ራሱን ጠይቁ። ቀለም የምታወጡት በ1 ከሆነ 1ን ጠይቁ። የሥራውን ሂደት የሚያሳይ መስመር በ2 የምታወጡ ከሆነ 2ን። ተጠቃሚውን «እርግጠኛ ነህ?» ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ 0ን። 0ን ጠይቆ በ1 ላይ ቀለም መቀባት በብዛት የማየው ስህተት ነው። ተርሚናል ላይ ሲሞከር ይሠራል፤ ወደ ፋይል ሲላክ ያ ዝባዝንኬ ይመጣል።

በእጃችሁ ያለው ቁጥር ሳይሆን የሲ ስትሪም ከሆነ በፋይልኖ ቁጥሩን አውጡ። 1 ነው ብላችሁ አትገምቱ። አንድ ሰው ቀድሞ ስትሪሙን ወደ ሌላ ፋይል አዙሮት ይሆናል።

መልሱ የሚያገለግለው ለጠየቃችሁበት ቅጽበት ነው። ፕሮግራማችሁ መሃል ላይ 1ን በዱፕ2 ካዞረ፣ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጣችሁት «አዎ» ዋጋ የለውም። እንደገና ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ዜሮ ሲመጣ ምክንያቱን አንብቡ

ዜሮ ሁለት ትርጉም አለው። ለመለየት ኤርኖን፣ ማለትም የስህተቱ ቁጥር የሚቀመጥበትን ተለዋዋጭ፣ ወዲያው አንብቡ። ወዲያው ማለት ሌላ ምንም ፋንክሽን ሳትጠሩ።

- ኢኖቲቲዋይ፣ በሊኑክስ ቁጥሩ 25። ዲስክሪፕተሩ ጤነኛ ነው፤ ተርሚናል ግን አይደለም። ፋይል፣ ፓይፕ ወይም ሶኬት ነው። ይህ ስህተት አይደለም፤ መልስ ነው።
- ኢባድኤፍ፣ ቁጥሩ 9። ቁጥሩ ጭራሽ አልተከፈተም፣ ወይም ተዘግቷል። ይህ የኮድ ችግር ነው፤ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ሁለቱን ካልለያችሁ የተዘጋ ዲስክሪፕተርን «ፓይፕ ነው እንጂ» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። በኋላ ላይ ፕሮግራሙ ሌላ ፋይል ሲከፍት ያንኑ ባዶ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ከርነሉ ሁልጊዜ ካልተያዙት ቁጥሮች ትንሹን ነው የሚሰጠው። ያኔ ለስክሪን ያሰባችሁት መልእክት ዳታቤዝ ፋይላችሁ ውስጥ ይጻፋል። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ 25 የሚለው ቁጥር ኤርኖ ውስጥ ተጋድሞ ይቀራል። የሚቀጥለው ጥሪ ቢሳካም አያጠፋውም። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን በዚህ አጥቻለሁ። ፕሮግራሜ መጀመሪያ ላይ 1ን ይጠይቃል፤ ውጤቱ ወደ ፋይል ስለሚሄድ 25 ይቀመጣል። ቀጥሎ የቅንብር ፋይል የሚያነብ የራሴ ፋንክሽን አለ። እሱ ሲወድቅ ኤርኖን አይነካም። እኔ ደግሞ በፒኤረር (ኤርኖን አንብቦ ትርጉሙን በሚጽፈው ፋንክሽን) መልእክት አወጣለሁ። መልእክቱ «ለዚህ ዕቃ የማይሆን አይኦሲቲኤል» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነበር። ዲስኩን ጠረጠርኩ፣ ድራይቨር ፈለግሁ። ጥፋቱ የቅንብር ፋይሉ ውስጥ የጎደለች አንዲት የእኩል ምልክት ነበረች። ስለዚህ ይህን መልእክት ካላሰባችሁበት ቦታ ካያችሁ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የቆየ ኤርኖ ነው።

ደረጃ 4፦ ስሙን አውጡ

ተርሚናል መሆኑን አወቃችሁ። አሁን የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ፋንክሽኖች አሉ፤ ቲቲዋይኔም እና ቲቲዋይኔም_አር። ሁለተኛውን ተጠቀሙ። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦

ሀ. 256 ባይት የሚይዝ የካራክተር ባፈር አዘጋጁ። ለተርሚናል ስም ከበቂ በላይ ነው።
ለ. ፋንክሽኑን በዲስክሪፕተሩ፣ በባፈሩና በመጠኑ ጥሩት።
ሐ. የመለሰው 0 ከሆነ ስሙ ባፈሩ ውስጥ አለ።
መ. 0 ካልሆነ የመለሰው ራሱ የስህተት ቁጥሩ ነው። ኤርኖን ሳይሆን እሱን ለስትርኤረር (የስህተት ቁጥርን ወደ መልእክት ለሚቀይረው ፋንክሽን) ስጡ።

«መ» ላይ ቆም በሉ። ይህ ፋንክሽን ከኢዝኤቲቲዋይ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ 0 «አይደለም» ነበር፣ እዚህ 0 «ተሳክቷል» ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር አያይዞ የሚጽፍ ሰው አንዱን መገልበጡ አይቀርም።

ቲቲዋይኔምን ለምን ተዉ እላለሁ? ስሙን የሚያስቀምጠው በራሱ ቋሚ ባፈር ውስጥ ነው። በጠራችሁት ቁጥር የበፊቱን ይደመስሳል። 0 እና 1 አንድ ተርሚናል ላይ መሆናቸውን ለማወቅ ሁለቱንም በቲቲዋይኔም ጠርቶ በስትርሲኤምፒ የሚያወዳድር ኮድ ብዙ ጊዜ ተልኮልኛል። ሁለቱም ተርሚናል እስከሆኑ ድረስ መልሱ ሁልጊዜ «እኩል» ነው። የሚወዳደረው አንድ ባፈር ከራሱ ጋር ነዋ! አንዱ ተርሚናል ካልሆነ ደግሞ ነል ይመለስና ፕሮግራሙ ይወድቃል። ሁለት ባፈር ያዙ፤ ቲቲዋይኔም_አርን ሁለቴ ጥሩ፤ ከዚያ አወዳድሩ።

ፋንክሽኑ ስሙን የሚያገኘው በፍለጋ ነው። መጀመሪያ ደረጃ 1 ላይ ያያችሁትን የፕሮክ ማመልከቻ ያነብባል። ያ ስም እውነት ይህንኑ ዕቃ የሚያመለክት መሆኑን ያረጋግጣል። ካልሆነለት /ዴቭ/ፒቲኤስ እና /ዴቭ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ ያያል። ስለዚህ ተርሚናሉ እያለ ስሙ ሊጠፋ ይችላል። ከዋናው ማሽን የተከፈተ ተርሚናል ወደ ኮንቴይነር (የራሱ ፋይሎች ይዞ ተነጥሎ ወደሚሠራ ክልል) ሲወረስ የሚታየው ይህ ነው። ኢዝኤቲቲዋይ 1 ይላል፤ ቲቲዋይኔም_አር ግን ኢኖዴቭ ይመልሳል፣ ቁጥሩ 19። በኮንቴይነሩ ውስጥ ባለው /ዴቭ/ፒቲኤስ ላይ ያ ተርሚናል የለም። ስም አለመገኘቱን «ተርሚናል አይደለም» ብላችሁ አትተርጉሙ። ኢሬንጅ ከመጣ ደግሞ፣ ቁጥሩ 34፣ ባፈራችሁ ጠቦታል ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ስሙ ካልተገኘ የዕቃውን ቁጥር እዩ

ይህ ለሁሉም አያስፈልግም። ቀለም ለመቀባት ብቻ የፈለጋችሁ ወደ ደረጃ 7 ዝለሉ። ምን ዓይነት ተርሚናል እንደሆነ መለየት የምትፈልጉ ግን እዚህ ቆዩ።

ኤፍስታትን በዲስክሪፕተሩ ጥሩት። ከሚሞላው መዋቅር ሁለት ነገር ውሰዱ። መጀመሪያ ኤስቲ_ሞድን በኤስ_ኢዝሲኤችአር ፈትሹ፤ የካራክተር ዕቃ መሆኑን ይነግራችኋል። ቀጥሎ ኤስቲ_አርዴቭን ወስዳችሁ በሜጀር እና በማይነር ለሁለት ክፈሉት። ሜጀር የዕቃውን ዓይነት፣ ማይነር ከዚያ ዓይነት ስንተኛው እንደሆነ ያሳያል።

በሊኑክስ የሚያጋጥሟችሁ እነዚህ ናቸው፦

- ሜጀር 136 (እስከ 143 ድረስ ለዚሁ የተያዘ ነው)፦ የተርሚናል መስኮት፣ የኤስኤስኤች ግንኙነት፣ የቲመክስ ክፍል። በ/ዴቭ/ፒቲኤስ ሥር ያሉት ሁሉ።
- ሜጀር 4፣ ማይነር ከ1 እስከ 63፦ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ ቁልፎችን ተጭናችሁ የምትገቡባቸው ጥቁር ስክሪኖች።
- ሜጀር 4፣ ማይነር 64 እና ከዚያ በላይ፦ የቆዩት ሲሪያል ወደቦች።
- ሜጀር 188፦ በዩኤስቢ የሚሰኩ የሲሪያል መቀየሪያዎች።
- ሜጀር 5፣ ማይነር 0፦ /ዴቭ/ቲቲዋይ። ማይነር 1 ከሆነ /ዴቭ/ኮንሶል ነው።
- ሜጀር 1፣ ማይነር 3፦ /ዴቭ/ነል። ይሄ ተርሚናል አይደለም! ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ነው።

ኮዱን ሳትጽፉ ማየት ከፈለጋችሁ ኤልኤስ -ኤል /ዴቭ/ፒቲኤስ በሉ። የፋይል መጠን በሚጻፍበት ቦታ 136 እና በኮማ ተለይቶ ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ።

እዚህ ሦስት ጉድጓዶች አሉ።

አንደኛው፣ ኤስቲ_ዴቭ እና ኤስቲ_አርዴቭ በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት። ኤስቲ_ዴቭ ፋይሉ የተቀመጠበት የፋይል ሲስተም ቁጥር ነው። የዕቃው ቁጥር «አር» ያለበት ነው። ብትሳሳቱም ያለ ችግር ኮምፓይል ይሆናል፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ የተሳሳተ ነው።

ሁለተኛው፣ የካራክተር ዕቃ ሁሉ ተርሚናል አይደለም። /ዴቭ/ነልም የካራክተር ዕቃ ነው። የኤፍስታትን መልስ ብቻ ይዞ «ተርሚናል ነው» ያለ ፕሮግራም ውጤቱ ወደ /ዴቭ/ነል ሲጣልም ቀለም ይቀባል፣ ጥያቄም ይጠይቃል። በዊንዶውስ የሚገኘው የኢዝኤቲቲዋይ አቻ በትክክል ይህ ችግር አለበት፤ ለማንኛውም የካራክተር ዕቃ «አዎ» ይላል። ፕሮግራማችሁን ወደዚያ የምትወስዱ ከሆነ ይህን አስታውሱ።

ሦስተኛው፣ ዲስክሪፕተሩ የተከፈተው በ/ዴቭ/ቲቲዋይ ስም ከሆነ 5 እና 0 ነው የምታገኙት፤ ቲቲዋይኔም_አርም ያንኑ ስም ይመልሳል። እውነተኛው መስኮት /ዴቭ/ፒቲኤስ/3 ቢሆንም። ስለዚህ ሁለት ዲስክሪፕተሮች በቁጥር ተለያይተው አንድ መስኮት ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። እውነተኛውን ለማየት ፒኤስ ኮማንድ ላይ ቲቲዋይ የሚለውን ዓምድ እዩ። እዚያ ዓምድ ላይ የጥያቄ ምልክት ካለ ፕሮሰሱ የሚቆጣጠረው ተርሚናል የለውም።

ደረጃ 6፦ የሚቆጣጠራችሁ ተርሚናል መሆኑን አጣሩ

አንድ ፕሮሰስ ብዙ ተርሚናል ሊከፍት ይችላል። የሚቆጣጠረው ግን ቢበዛ አንድ ነው። ኮንትሮል ሲ ስትጫኑ ምልክቱ የሚመጣው ከእሱ ነው።

1. /ዴቭ/ቲቲዋይን ለማንበብና ለመጻፍ ክፈቱ። ከተከፈተ አላችሁ። ኢኤንኤክስአይኦ ከመጣ፣ ቁጥሩ 6፣ የላችሁም።
2. በእጃችሁ ያለው ዲስክሪፕተር እሱ መሆኑን ለማወቅ ቲሲጌትኤስአይዲን በዲስክሪፕተሩ፣ ጌትኤስአይዲን በ0 (እዚህ 0 ዲስክሪፕተር ሳይሆን «እኔ ራሴ» ማለት ነው) ጥሩና አወዳድሩ። እኩል ከሆኑ እሱ ነው።
3. ከፊት ወይም ከጀርባ እየሠራችሁ መሆኑን ለማወቅ ቲሲጌትፒጂአርፒን ከጌትፒጂአርፒ ጋር አወዳድሩ። እኩል ካልሆኑ ከጀርባ ናችሁ። ከጀርባ ሆኖ ከተርሚናል ለማንበብ የሞከረ ፕሮሰስ በከርነሉ እንዲቆም ይደረጋል። «ፕሮግራሜ በ«እና» ምልክት (&) ከጀርባ ሳስነሳው ይደርቃል» የሚሉኝ ሰዎች ችግር ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው።

የይለፍ ቃል ጥያቄውም መልሱ እዚህ አለ። ዝርዝር በፓይፕ የሚቀበል ፕሮግራም ካላችሁ 0 በዝርዝሩ ተይዟል። የይለፍ ቃሉን ከ0 አታንብቡ። /ዴቭ/ቲቲዋይን ለብቻው ከፍታችሁ ጥያቄውንም መልሱንም በእሱ አድርጉ። ካልተከፈተ ሰው የለም ብላችሁ ግልጽ መልእክት ሰጥታችሁ ውጡ፤ ወደ 0 አትመለሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቲሲጌትኤስአይዲ እና ቲሲጌትፒጂአርፒም ኢኖቲቲዋይን ይመልሳሉ። እዚህ ግን ትርጉሙ ሰፊ ነው። ዲስክሪፕተሩ ጤነኛ ተርሚናል ሆኖ የሚቆጣጠራችሁ ካልሆነም ይኸው ቁጥር ይመጣል። ስለዚህ በደረጃ 2 ምትክ አትጠቀሙባቸው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የሲሪያል ወደብ ስትከፍቱ ኦ_ኖሲቲቲዋይ የሚለውን ምልክት ጨምሩ። ያለበለዚያ፣ ፕሮግራማችሁ የሴሽን (የአንድ ላይ ፕሮሰሶች ቡድን) መሪ ከሆነና የሚቆጣጠረው ተርሚናል ከሌለው፣ ያ ወደብ ተቆጣጣሪ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ገመዱ ሲነቀል ፕሮግራሙ አብሮ ይገደላል።

ደረጃ 7፦ በሁሉም ሁኔታ ሞክሩት

የሙከራ ፕሮግራማችሁ ለ0፣ ለ1 እና ለ2 የደረጃ 2፣ 3 እና 4ን መልስ በ2 ላይ ያውጣ። ከዚያ፦

- ዝም ብላችሁ አስነሱት። ሦስቱም «አዎ»።
- ወደ ካት በፓይፕ ላኩት። 1 ብቻ «አይደለም»፣ 25።
- መግቢያውን ከ/ዴቭ/ነል አድርጉት። 0 «አይደለም»፣ 25። እዚህ «አዎ» ካላችሁ ደረጃ 5 ላይ ሁለተኛው ጉድጓድ ውስጥ ናችሁ።
- 1ን ዝጉት፤ በሼል የትልቅ ምልክት፣ የ«እና» ምልክት (&)፣ ሰረዝ ተብሎ ይጻፋል። 9 መምጣት አለበት።
- በሴትኤስአይዲ ኮማንድ አስነሱት። ሦስቱም «አዎ» ይላሉ፤ /ዴቭ/ቲቲዋይ ግን አይከፈትም። በደረጃ 2 እና በደረጃ 6 መካከል ያለውን ልዩነት እንደዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ሙከራ የለም። ሌላውን ብትተዉ እንኳ ይህን አትተዉ።
- በኤስኤስኤች ከኮማንድ ጋር በአንድ መስመር አስነሱት። ተርሚናል አይኖርም። -ቲ ስትጨምሩ ይኖራል።
- በኮንቴይነር ያለ -ቲ እና ከ-ቲ ጋር። ውጤቱ እንደ ኤስኤስኤቹ ነው፤ ያለ -ቲ ተርሚናል አይኖርም፣ ከ-ቲ ጋር ይኖራል።
- በክሮን አስነሱት፤ 2ንም ወደ ፋይል አዙሩት። ሦስቱም «አይደለም»።

ደጋግሜ የማያቸው ሌሎች ስህተቶች

«ክሮን ላይ ጸጥ ይላል» ያለችኝ ልጅ ችግሯ ኢዝኤቲቲዋይ አልነበረም፤ ባፈሩ ነበር። የሲ ላይብረሪ 1 ተርሚናል ከሆነ መስመር ባለቀ ቁጥር ያወጣል። ካልሆነ ባፈሩ እስኪሞላ ያጠራቅማል። ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ከተገደለ የተጠራቀመው አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ አስፈላጊ መልእክት በኋላ ኤፍፍላሽ ማድረግ ነው፤ ወይም መጀመሪያ ላይ በሴትቪባፍ በመስመር እንዲያወጣ ማዘዝ።

ሼል ስክሪፕት የምትጽፉ ቴስት -ቲ 1 ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ግን ጥያቄውን ፋንክሽን ውስጥ አስገብታችሁ ውጤቱን በዶላርና ቅንፍ ከያዛችሁ መልሱ ሁልጊዜ «አይደለም» ነው። በዚያ ቅንፍ ውስጥ 1 ፓይፕ ነው። ከቅንፉ ውጭ ጠይቁ፣ መልሱን በተለዋዋጭ ያዙ።

«ተርሚናል ነው» ማለት «ሰው አለ» ማለት አይደለም። በዩኤስቢ የተሰካ ሞደምም «አዎ» ይላል። ስክሪፕት የሚባለው ኮማንድም የውሸት ተርሚናል ይሰጥና ሁሉን ነገር ፋይል ላይ ይቀዳል። ስለዚህ ተጠቃሚው ውሳኔያችሁን የሚሽርበት መንገድ ስጡት። ቀለምን በሚመለከት የተለመዱት ሦስት አማራጮች ሁልጊዜ፣ በራስህ ወስን እና በጭራሽ ናቸው። ኖ_ከለር የሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ ባዶ ሳይሆን ከተገኘም ቀለሙን ተዉት።

ፓይተን ላይ ያላችሁም ከዚህ አታመልጡም። ኦኤስ ሞጁል ውስጥ ያሉት ኢዝኤቲቲዋይ እና ቲቲዋይኔም እነዚሁ ናቸው። ቲቲዋይኔም ተርሚናል ካልሆነ ነል ሳይሆን ኤክሴፕሽን ነው የሚያነሳው፤ ስለዚህ ያዙት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ግራ ካጋባችሁ ጠይቁኝ። ግን ሦስት ነገር አብራችሁ ላኩ፦ ፕሮግራሙን ያስነሳችሁበትን ሙሉ መስመር፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በሌላው መስኮት ከ/ፕሮክ፣ ከፕሮሰሱ ቁጥርና ከኤፍዲ ሥር ያገኛችሁትን ዝርዝር፣ እና የኤርኖን ቁጥር። «አይሠራም» የምትል መልእክት ብቻ ከመጣችልኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እነዚህኑ ነው።